የእንጀራ ምድጃ ቤት ውስጥ፦ ቧንቧው በግድግዳ ይውጣ ወይስ በጣሪያ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐረር ነው፣ ከጁገል ውጭ። በሳምንት ሦስት ቀን እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። እስከ ዛሬ የምጋግረው ጓሮ፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ፣ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነ የብሎኬት ኩሽና አሠራሁ። ምድጃዬ የሲሚንቶው ምርጥ ምድጃ ነው። በያጁ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ አስገዝቶኝ በግድግዳው ሊያወጣው ነው፤ ‹ጣሪያ ከተበሳ ያፈሳል› ይላል። ድሬዳዋ ያለችው እህቴም በግድግዳ ነው ያስወጣችው፣ ምንም አልሆነችም። ባለቤቴ ደግሞ ቧንቧውን ትተን ፋን እንግጠም ባይ ነው። ሌላው፣ ጋግሬ ስጨርስ ፍሙን ሳሎን አስገብቼ ቡና አፈላበታለሁ፤ በብርድ ጊዜ ልጆቹም ይሞቁታል። ጭስ ስለሌለው ምንም አይልም ብዬ ነው፤ እናቴም አጠገቡ ውኃ በሳህን ታስቀምጣለች። ሰሞኑን ግን ትንሿ ልጄ ራሴን አመመኝ ማለት አብዝታለች። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። የቧንቧው ነገር አንድ ሳምንት ቢቆይ ያው ነው፤ ፍሙ ግን ዛሬውኑ ከሳሎን ይውጣ። የልጅዎ ራስ ምታት ከእሱ ሊሆን ይችላል።

ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ስለዚህ ሰው ወይ በር ይከፍታል ወይ ይሸሻል። ፍም ግን አያስጠነቅቅም። ከታች የገባው አየር ከከሰሉ ጋር ሲቃጠል መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይኸው ጋዝ በቀላው ከሰል መሐል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ፍም ላይ አልፎ አልፎ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይህ ጋዝ ሲቃጠል ነው። ነበልባሏ ጠፍታ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ማለትም እኛ «አሁን ደህና ፋመ፣ ይግባ» በምንልበት ሰዓት፣ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይወጣል።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅን የሚያመላልሰውን የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢንን፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ንጹሕ አየር እየተነፈሱ እንኳ ደም ውስጥ ካለው ግማሹ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አመሻሹን ፍም ሲሞቅ የቆየ ልጅ ይዞት ይተኛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ነው። ይህ ሁሉ እኛ ዘንድ ሌላ ስም አያጣም፦ ቡናዬ ቀርቶብኝ ነው፣ ብርድ መቶኝ ነው፣ ወባ ይሆናል። በርጫ ላይ ከሆነ ደግሞ በጫቱ ይሳበባል። መስኮት ዘግቶ፣ መጋረጃ ጥሎ፣ ከከሰሉና ከዕጣኑ ጋር ግማሽ ቀን መቀመጥ ብቻውን ራስ እንደሚያሳምም የሚያነሳ የለም። አራስ ቤትም ያው ነው፤ እዚያ እንዲያውም ሕፃን አለ።

እናትዎ የሚያስቀምጡት ውኃ አየሩ እንዳይደርቅ ይረዳ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ሎሚ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ጨው የሚሉትም ሁሉ አንድ ናቸው። ልጅቷን ጤና ጣቢያ ይውሰዷትና «ቤት ውስጥ ፍም እናስገባ ነበር» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ወደዚያ ላያስብ ይችላል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ «ደህና ነው» ቢልም አይዘናጉ፤ መሣሪያው በኦክስጅን የተሞላን ደም በዚህ ጋዝ ከተያዘው ስለማይለይ ቁጥሩ መልካም መስሎ ይታያል። አንድ ቀን ሰው ወድቆ ካገኙ መጀመሪያ ሰውየውን ወደ ውጭ ያውጡት፣ ፍሙን ለማጥፋት አይዘግዩ፣ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት። መድኃኒቱ እዚያ የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። ወተት መጋት ሳንባ የገባውን አያወጣም፤ ራሱን የሳተ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ያንቀዋል።

ቡናውን በረንዳ ላይ ያፍሉ። ጀበናውና ረከቦቱ ይግቡ፣ ከሰሉ ውጭ ይቅር። ለብርዱ ብርድ ልብስ ይደርቡ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንደሚቆረጥም አውቃለሁ። ቢሆንም በር ተዘግቶ ለሚተኛበት ክፍል ፍም ምንም ቢያንስ ደህና የሚባል ልክ የለውም።

አሁን ወደ ቧንቧው። በያጅዎ ቧንቧ ጭስን እንደ ውኃ የሚያፈስ መስሎታል፤ ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል ብሎ። ጭስ የሚወጣው ቧንቧው ውስጥ ያለው ትኩስ አየር ከውጭው ስለሚቀልል ነው፤ ስቦ የሚያወጣውም የቧንቧው ቁመት ነው። ይህ የመሳብ ኃይል ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። እንደ እርስዎ ባለ ኩሽና ሦስት አራት ሜትር የቆመ ቧንቧ የሚፈጥረው ግፊት አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ከሚጫነው ብዙ አይበልጥም። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚያሳድረው ግፊትም ያንኑ ያህላል። ቧንቧው በግድግዳ ወጥቶ አፉ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ከቀረ፣ ነፋሱ ወደዚያ ግድግዳ በዞረ ቀን ሁሉ ጭሱ ተመልሶ እርስዎ ላይ ይመጣል። የወጣውም ቢሆን በክፈፉ ሥር ተጠምዞ በመስኮት ወደ ሳሎን ይገባል።

እህትዎ ለምን አልቸገራትም? ቤቷን አላየሁትም። ድሬዳዋ ግን ብዙ ሰው የሚያበስለው በረንዳ ላይ ወይም ግማሽ ግድግዳ ባለው ኩሽና ውስጥ ነው፤ በሙቀቱም የተነሣ በር ተዘግቶ አይጋገርም። የእሷም እንዲያ ከሆነ ጭሷን የሚያወጣላት ቧንቧው ሳይሆን የሌለው ግድግዳ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ የውጭው አየር ሲሞቅ በቧንቧው ውስጥና ውጭ ያለው ልዩነት ስለሚጠብብ እዚያ ቧንቧ ይበልጥ ደካማ ይሆናል። በእሷ ቤት የሠራው እርስዎ ጋ፣ በዝግ የብሎኬት ክፍል፣ አይሠራም።

የባለቤትዎ ፋን ደግሞ ቧንቧ ካለበት ኩሽና ጋር አይስማማም። ፋኑ ክፍሉን ሲመጥጥ አየር ከሆነ ቦታ መግባት አለበት፤ በርና መስኮት ከተዘጋ የሚገባው በቧንቧው በኩል ነው፣ ጭሱን ይዞ። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ የምታህል ግፊት ፋንን አትቋቋምም። ቧንቧውን ትቶ ፋን ብቻ ማድረግም መብራት የሄደ ዕለት ምድጃው እየነደደ ያለ መውጫ መቅረት ነው። ስለዚህ ፋን አይግጠሙ።

መግጠም ያለብዎ፣ ከምድጃው ኋላ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ በጣሪያው የሚወጣ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ነው። 10 ሳንቲ ሜትሩ በወረቀት ሲሰላ ላነሰ እሳት ይበቃ ይሆናል፤ የማሽላ አገዳ ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲጨመር ግን ነበልባሉ ድንገት ይገነፍላል፣ ጭሱም ያንኑ ያህል ነው። በዚያ ላይ ጠባቡን ቧንቧ ጥላሸት ቶሎ ይዘጋዋል። ጫፉ ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በሦስት ሜትር ክልል ውስጥ ካለ ማንኛውም ነገር፣ ከጣሪያዎ ጉልላትም ሆነ ከጎረቤት ግድግዳ፣ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ከምድጃው መውጫ እስከ ጫፉ አራት ሜትር ቢደርስ መልካም ነው፤ በሐረር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያ ቢጨምሩ እንጂ አይቀንሱ። የግድ ጎን መሄድ ካለበት ከአንድ ሜትር አይለፍ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ያዘንብል፣ ኤልቦውም ዘጠና ዲግሪ ከሚሆን ሁለት አርባ አምስት ይሁን።

ለእሳቱ የሚቀርበው የመጀመሪያው አንድ ሜትር ከጥቁር ላሜራ ይሠራ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። ከላይ ጋልቫናይዝድ ይሁን፣ ግድ የለም። ጋልቫናይዝድ ላይ የተቀባው ዚንክ 420 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ነበልባል የሚልሰው ቦታ ላይ አይቆይም። የፍሳሽ ፒቪሲ ቧንቧ ለጭስ ማውጫ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን መከልከል ሊያስፈልግ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ የላይኛው በታችኛው ውስጥ ይግባ። ብዙ ሠሪ «ጭሱ እንዳያመልጥ» ብሎ ይገለብጠዋል፤ ያኔ ከላይ የሚወርደው ጥቁር ቅራሪ በየመገጣጠሚያው እየወጣ ግድግዳውን ያጨቀያል። የሚስብ ቧንቧ በመገጣጠሚያው አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ጭስ አያወጣም። ከታች፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ጥላሸት የሚጠረግበት ክዳን ያለው አፍ ይተውለት።

ያፈሳል የተባለው እውነት ነው፤ በሲሊከን ብቻ ከተለጠፈ ያፈሳል። ብረቱ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፣ ማጣበቂያውም በአንድ ክረምት ይላቀቃል። መፍትሔው ከላሜራ የሚሠራ ቀሚስ ነው፤ የላይኛው ጠርዙ ከጉልላቱ ክዳን ሥር ይገባል፣ የታችኛው ከቆርቆሮው በላይ ይተኛል፤ ከዚያ ቧንቧው ላይ እንደ ጃንጥላ ያለ አንገትጌ ይታሰርና የቀሚሱን አፍ ይሸፍነዋል። ቀሚሱ ከቧንቧው ጋር አይበየድ፣ ቧንቧው በውስጡ ይንሸራተት። ለዚህ ሲባል ጣሪያውን የሚበሳበት ቦታ በተቻለ መጠን ለጉልላቱ ይቅረብ። የጫፉ ኮፍያ ከቧንቧው አፍ ቢያንስ ስምንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም፤ ወፍ እንዳይገባ ተብሎ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አይታሰርበት፣ ጥላሸቱ ይደፍነዋል።

ብሎኬቱና ቆርቆሮው አይቃጠሉም። የሚቃጠሉት ወራጁ፣ ማገሩና ኮርኒሱ ናቸው። ነጠላ የብረት ቧንቧ ከእንጨት 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ይህ የማይመች ከሆነ በእንጨቱና በቧንቧው መካከል፣ ከእንጨቱ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ለቆ የሚቆም ላሜራ ይደረግ፤ ከኋላው አየር የሚያልፍ ከሆነ ርቀቱን እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ማውረድ ይቻላል። «ሁለት ዓመት ነደደ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ አያሳምነኝም፤ ሙቀት በየቀኑ የሚያገኘው እንጨት ቀስ በቀስ ወደ ከሰልነት ስለሚጠጋ በሦስተኛው ዓመት በመጀመሪያው ከማይቀጣጠልበት ባነሰ ሙቀት ይያዛል። ኩሽናው ውስጥ ኮርኒስ ካልተሠራ አያሠሩ፣ ከተሠራም ያንሱት። ማገዶም ይደርቅልኝ ተብሎ ከምድጃው ጥግ አይደርደር፤ አንድ ሜትር ይራቅ።

አንድ ነገር በያጁ «ማገዶ ይቆጥባል» ብሎ ሊጨምርልዎ ይችላል፦ ቧንቧው ውስጥ የሚዞር መዝጊያ። አይፍቀዱለት። ነበልባል ሲያልቅ ቧንቧው ይበርዳል፣ መሳቡም ይደክማል፤ ፍሙ ግን ጋዙን ማውጣቱን አላቆመም። ያን ሰዓት መዝጊያውን ዘግቶ መተኛት ፍሙን ሳሎን ከማስገባት አይለይም። ጋግረው ሲጨርሱም ፍሙ እስኪከስም መስኮቱ ክፍት ይቆይ። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ወደ ውጭ ያውጡ፤ ረመጥ አመድ ውስጥ አድሮ በማግስቱም ይነድዳል፣ በማዳበሪያ ከረጢት አይታመንም።

ያለ መግቢያ መውጫ አይሠራም። በቧንቧው የሚወጣው ያህል አየር ከታች መግባት አለበት፤ የ15 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ የአፍ ስፋት 177 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከታች የሚተዉት ክፍተት ከዚህ አይነስ። ከላይም በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች አናት ላይ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት ይግባ፤ ሲለኩሱና ማገዶ ሲጨምሩ ከምድጃው አፍ የሚያመልጠውን ጭስ የሚወስደው እሱ ነው። ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ከኋላው ያለው ቀዳዳ ግን ድስት እንዲጣድበትም የተተወ ስለሆነ እንዳለ ከቀረ ጭሱን ወደ ኩሽናው ነው የሚለቀው። ቧንቧው እዚያ ላይ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ታትሞ ይቀመጥ። ድስት መጣዱ ይቀርብዎታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ወደ ሳሎን የሚያስገባው በር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጓሮ ያለው ዳስ የማይመች ቢሆንም ጭሱ ቤት አይገባም ነበር። አሁን ልጆቹ የሚተኙት ከምድጃው አንድ ግድግዳ ርቀት ነው። ያንን በር በብሎኬት ይድፈኑትና የኩሽናው መግቢያ ከግቢው ይሁን። ዝናብ ሲሆን እንጀራ ተሸክሞ መውጣት እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይድፈኑት። ቤትዎ ጁገል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሌላም ጣጣ ነበረብዎ፤ ግንቡ ከነከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ጣሪያና ግድግዳ ከመብሳት በፊት ቅርሱን የሚያስተዳድረውን ክፍል መጠየቅ ይገባል፣ ቤቶቹም ተጠጋግተው ስለተሠሩ የአንዱ ጭስ የሌላው መስኮት ነው።

ሲጠናቀቅ በዕጣን ይፈትኑት። ምድጃውን ሳይለኩሱ፣ በርና መስኮት በብርድ ቀን እንደሚዘጉት ዘግተው፣ የሚጤስ ዕጣን ወደ ምድጃው አፍ ያስጠጉ። ጭሱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ቧንቧው ይስባል። ወደ እርስዎ ከመጣ ጥቂት ደረቅ አገዳ ከቧንቧው ሥር አንድደው ያሙቁትና ይድገሙት፤ አሁንም ከተመለሰ ቁመቱ አንሷል ወይም የታችኛው መግቢያ ጠብቧል፣ ሠሪው ሳይከፈለው ያስተካክል። ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ፤ ጥላሸቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይጠረግ። እርጥብ ማገዶ ጥላሸቱን ወደሚቀጣጠል ቅራሪ ይለውጠዋል። ቧንቧው እንደ መኪና እየጮኸ ከቀላ ውስጡ እሳት ይዞታል፤ የምድጃውን አፍ በቆርቆሮ ይዝጉ፣ ሰው ያስወጡ፣ ቧንቧው ውስጥ ውኃ አይጨምሩ።

ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ያስልኩ፤ የጭስ ማንቂያ ሌላ ነው፣ አይተካውም። የሚሰቀለው ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ነው፤ ኩሽና ውስጥ ከሆነ በየለኮሱ ቁጥር እየጮኸ ሰልችቷችሁ ባትሪውን ታወጡታላችሁ።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ሁሉ ያስቀራል፣ መብራቱ እስካለ ድረስ። ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ ከቆጣሪው ለብቻው የተዘረጋ፣ አራት ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ይፈልጋል፤ ከሳሎን ሶኬት አይሰካም። እንጀራ ለደንበኛ ስለሚያስረክቡ መብራት በሄደ ቀን የሚመለሱበት የማገዶ ምድጃ አይቀርልዎትም፣ ስለዚህ ቧንቧው ያም ሆነ ይህ ይሠራ።

የገዙት የ10 ሳንቲ ሜትር ቧንቧም አይባክንም። በያጁ ከእሱ ሦስት ቁራጭ በግድግዳው ውፍረት ልክ ይቁረጥልዎትና ከምድጃው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ አይጥ የማያስገባ ሽቦ አፋቸው ላይ አስሮ ይቅበራቸው። ሦስቱ አንድ ላይ 235 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ለአየር መግቢያው ይበቃል።